እሳቸው መቼ ይኮላሹ?

ውሻው ስሙን ያገኘው በመጣበት ቀን ነው። የሁለት ወር ቡችላ ሆኖ ከካርቶን ወጣና ሳሎኑን አንድ ጊዜ ዞሮ ቃኘው፤ ከዚያ በቤቱ አባት በሊፍት ጠጋኙ ወንበር ላይ ለመውጣት ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሁለቴ ወደቀ፣ በሦስተኛው ተሳካለት። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ዙሪያውን የቆሙትን ሰዎች ተራ በተራ አያቸው፤ "ተቀመጡ እንጂ" ሊላቸው የፈለገ ይመስል ነበር። የሊፍት ጠጋኙ ልጅ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ "እሳቸው ናቸው እንዴ የቤቱ ባለቤት?" አለ። ተሳቀ። ስሙም በዚያው ጸና። ውሻው "እሳቸው" ተባለ።

ስሙ ቀልድ ነበር፤ ግስ ግን ቀልድ አያውቅም። አንዴ "እሳቸው" ካሉ በኋላ "በላ" ማለት አይቻልም፣ "በሉ" ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት ውሻው በሉ፣ ጠጡ፣ ተኙ፣ የመምህሩን የፈተና ወረቀት ቀደዱ። ችግሩ የመጣው ቁጣ ላይ ነው። ሰውን በአንቱታ መቆጣት ይከብዳል፤ ውሻን በአንቱታ መቆጣትማ ጭራሽ አይሞከርም። የመምህሩ ሚስት አልጋዋ ላይ ስታገኘው "ኧረ ይውረዱ!" ትላለች። ለእሷ አፏን ሞልታ የተቆጣች ይመስላታል፤ ለውሻው ግን ልመና ነው የሚሰማው። "ምንጣፉን ይተዉ እንጂ!" ይሉታል፤ እሱም የቀረበለትን ማመልከቻ እንደሚመረምር ሹም ቀና ብሎ ያያቸውና ወደ ምንጣፉ ይመለሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ በሰባት ወሩ ሃያ ስድስት ኪሎ የሚመዝን፣ መዳፉ የሰው ጡጫ የሚያህል፣ ዓይኑን በጨው ያጠበ ጎረምሳ ሆነ። ጥፋቱ የሰዋስው ነው።

የቤቱ አባት፣ ሊፍት ጠጋኙ፣ ራሱ አንቱ ሊባል የሚገባው ሰው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በየሕንፃው ጉድጓድ ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጥቷል። ልጁም ምራቱም "አባባ" ይሉታል። ነገር ግን "እሳቸው" የሚለው ቃል በውሻው ስለተያዘ፣ እኛም እዚህ "እሱ" ብንለው አይቀየመንም። ለምዶታል።

ጡረታ የወጣ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚሠራ ግራ ገብቶት ነበር። ከእንቅልፉ እንደ ልማዱ በጨለማ ይነሳል፣ ይታጠባል፣ ጫማውን ያስራል፣ ከዚያ ጫማውን እንዳሰረ ይቀመጣል። ውሻው ሲመጣ ጫማው ሥራ አገኘ። በየማለዳው አስራ ሁለት ተኩል ላይ ከመናፈሻው ጀርባ፣ በመጋዘኖቹ አጥር ሥር ባለው ረጅም መንገድ ይሄዱ ጀመር። አዋላጇን ያገኛት እዚያ ነው።

አዋላጇም ጡረተኛ ናት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። ስኳር የምትባል አጭር ቡናማ ሴት ውሻ አለቻት፤ እሷን ይዛ ቀጥ ብላ፣ ዘግይተው የደወሉለት ሰዎች ዘንድ እንደሚሄድ ባለሙያ ፈጠን ፈጠን እያለች ትራመዳለች።

"ስሙ ማን ነው?" አለችው በመጀመሪያው ቀን፣ ወደ ቡችላው እያየች።

ሊፍት ጠጋኙ ደነገጠ። በማያውቃት የተከበረች ሴት ፊት ውሻዬ እሳቸው ይባላሉ ማለት አልሆነለትም። "እንዲያው… አንተ ነው የምለው" አለ።

"አንተ?"

"አንተ።"

"ጥሩ ስም ነው። እኔም ልጅ ሲወለድ መጀመሪያ የምጠራው በእሱ ነበር፤ 'ና አንተ!' እያልኩ" አለችና ጎንበስ ብላ፣ "ደህና ነህ አንተ?" አለችው ውሻውን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሻው ሁለት ማዕረግ ነበረው። ከበሩ ወደ ውስጥ እሳቸው፣ ከበሩ ወደ ውጭ አንተ። ሊፍት ጠጋኙም ሁለት ኑሮ ነበረው። ቤት ሲመለስ "እሳቸውን አናፍሼ መጣሁ" ይላል፤ ከዚህ በላይ ትንፍሽ አይልም። መንገዱ ላይ ግን ወሬው አያልቅም። ሰውን ከቆመ ሊፍት ማውጣት ይከብዳል ወይስ ከእናቱ ሆድ በሚለው ብቻ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራክረዋል።

"የእርስዎ ይቀላል፤ ሊፍቱ አይጮኽም" ትለዋለች።

"ውስጡ ያሉት ይጮኻሉ።"

"የእኔ ደግሞ ሁለቱም ናቸው የሚጮኹት። አንዳንዴ ባልየውም ይጨመራል።"

እንዲህ እየተባባሉ አምስት ወር ሄዱ። በስድሳ አንድ ዓመቱ፣ ሊፍት ጠጋኙ ማታ ሲተኛ ነገ የሚነግራትን ነገር እያሰበ መተኛት ጀመረ።

ይህን ሁሉ ያበላሸው ውሻው ነው። ሰባት ወር በሞላው ሰሞን አንድ ጠዋት ስኳርን ከሩቅ አየና ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እስከዚያ ቀን አይቷት የማያውቅ ይመስል። ከዚያ ተፈተለከ። ገመዱ ሊፍት ጠጋኙ እጅ ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር እሱም አብሮ ተፈተለከ። ኮፍያው ወደ አንድ በኩል፣ ክብሩ ወደ ሌላ በኩል ሄደ። አዋላጇ ጋ ሲደርስ በአንድ ጉልበቱ ነበር የደረሰው፤ የሚያጭ እንጂ የሚያናፍስ ሰው አይመስልም ነበር።

አዋላጇ ስኳርን አፈፍ አድርጋ አቀፈቻት። ከዚያም መንገዱን ሙሉ በሚሰማ ድምፅ፣ "ይህ ልጅ መኮላሸት አለበት!" አለች።

መንገድ የሚጠርገው ሰውዬ መጥረጊያውን አቆመ። ሊፍት ጠጋኙ ግራና ቀኙን አየ። "ኧረ ቀስ ይበሉ" አለ።

"ምን ቀስ አለው? ቃሉ ይኸው ነው። አርባ ዓመት ያዋለድኩ ሴት ለዚህ ልፈር?" አለችና ስኳርን ወደ ትከሻዋ ከፍ አደረገቻት። "ደግሞ ስኳርም ጊዜዋ ደርሷል። እሷን ሐኪሞቹ ልቧ ደካማ ነው ብለው አናደነዝዝም ብለውኛል፤ መውለድም አትችልም። ስለዚህ አንተ እስኪኮላሽ ድረስ በዚህ መንገድ አብረን አንሄድም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ሄደች። ውሻው ወደ እሷ፣ ሊፍት ጠጋኙ ወደ ቤቱ ተጓተቱ፤ ሃያ ስድስት ኪሎው አሸንፎ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ባሉበት ቆሙ።

ቤቱ እስኪደርስ ነገሩን ከራሱ ጋር ሲያወጣና ሲያወርድ ነበር። ውሻው ካልሄደ እሱም አይሄድም። ውሻ የያዘ ሰው የት ትሄዳለህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ውሻ ያልያዘ ሰው ግን ምክንያት ያስፈልገዋል። የእሱ ምክንያት ደግሞ አፍ አውጥቶ የሚናገሩት ዓይነት አልነበረም። ስለዚህ ውሻው ቶሎ፣ በጣም ቶሎ፣ ከተቻለ በዚሁ ሳምንት…

እዚህ ላይ ነው ቃሉ ያስቸገረው። አዋላጇ በአደባባይ ያለችውን እሱ በልቡም ሊለው አልቻለም።

"እሳቸውን" አለ ማታ፣ ራት ላይ፣ "ያ ነገር ቢደረግላቸው ምን ይመስላችኋል?"

"የቱ ነገር?" አለ ልጁ።

"ያ ነገር።"

"ክትባት ነው አባባ?" አለች ምራቱ። መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ ያ ነገር ሁሉ ለእሷ ክትባት ነው።

"አይ። ከክትባት… ትንሽ ወደ ኋላ።"

ምራቱ ሹካዋን አስቀመጠች። "ማምከን!"

"ማምከን ለቦምብ ነው" አለ መምህሩ፣ እግሩን እያጣመረ።

"እሳቸውስ ከምን ያንሳሉ? ትናንት ሶፋውን ምን እንዳደረጉት አላየህም? ትራሱን አጥቤ አስጥቼዋለሁ፤ አሁንም ሲያዩት ዓይናቸው ይንከራተታል።"

"አባባ፣ እናንተ ሊፍት ላይ ምን ትሉታላችሁ እንዲህ ያለውን?" አለ መምህሩ።

ሊፍት ጠጋኙ አሰበ። "አጥፍቶ ማብራት።"

"በኋላ ይበራል እንዴ?"

"…አይበራም።"

"ይኸውላችሁ!" አለ መምህሩ። "እኔ በዚህ ፍርድ የለሁበትም። ወንድ ሆኜ ፊርማዬን አላኖርም።"

ምራቱ ግን አማቷን ትክ ብላ እያየችው ነበር። "ባለፈው ወር እኔ ሳነሳው 'ልጅ ናቸው፣ ተያቸው' አላሉኝም አባባ? አሁን ምን ተገኘ?"

"አደጉ።"

"በአንድ ወር?"

"በአንድ ጠዋት" አለ ሊፍት ጠጋኙ፣ ዳቦውን እየቆረሰ።

ሰኞ ዕለት ውሻውን ይዞ የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ጥፍሯን አሳጥራ የምትቆርጥ፣ ስታወራም እጇ ሥራ የማይፈታ። ስሙን ስትጠይቅና ሲነግራት አልሳቀችም፤ ካርዱ ላይ "እሳቸው" ብላ ጻፈች፣ ከዚያ ወዲያ አንቱታዋን አላጓደለችም። የውሻውን እግር ከላይ እስከ ታች ዳበሰች፣ ጉልበቱን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መዳፉን በመዳፏ ላይ አስቀምጣ መዘነችው።

"እሳቸው ገና አላለቁም" አለች።

"ምናቸው?"

"እግራቸው። ትናንሽ ውሾች በስድስት ወርም ቢሆንላቸው ግድ የለም። እንዲህ ያለ ትልቅ አጥንት ያላቸው ግን አጥንታቸው ጫፍና ጫፉ ላይ ገና ክፍት ነው፤ እያደገ ነው። 'በቃህ፣ ማደግህን አቁም' የሚለውን ትእዛዝ ከሚልኩት አንዱ ደግሞ እኛ የምናወጣው ነገር ነው። ቀድመን ካወጣነው ትእዛዙ ይዘገያል። እግሩ ይረዝማል፣ መገጣጠሚያው ውሎ አድሮ ሊያስቸግራቸው ይችላል። ሁሉም ላይ ይደርሳል ማለቴ አይደለም።"

"እና አይቻልም?"

"መቻልማ ይቻላል። ከቤት እየጠፋ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ወይም እዚያው ቤት ሴት ውሻ ካለች፣ ቀድመው የሚያሠሩ አሉ። እኔን ከጠየቁኝ ግን ዓመት ከሁለት ወር እስኪሞላቸው ብትጠብቁ እመርጣለሁ። እስካሁን የኖሩትን ያህል ደግመው ይኑሩ። ውሳኔው የእናንተ ነው።"

ይህ ሁሉ ንግግር በሊፍት ጠጋኙ አንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ሲወጣ፣ መሃል ላይ "ይቻላል" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ቀረች። "ሐሙስ ይመችዎታል?" አለ።

ሐኪሟ ትንሽ አየችው። "ይመቸኛል። ከረቡዕ ማታ ጀምሮ ምግብ እንዳይቀምሱ።"

ማክሰኞና ረቡዕ ውሻውን በጋራዦቹ በኩል ወሰደው። መንገዱ አስቀያሚ ነው። ብረት የሚበይዱ ሰዎች "ሽማግሌው ውሻውን ነው የሚያናፍሰው ወይስ ውሻው ሽማግሌውን?" እያሉ ያሾፉበታል። ረቡዕ በሁለቱ መጋዘኖች መሃል ባለው ክፍተት አሻግሮ ሲያይ፣ አዋላጇ ስኳርን ይዛ ብቻዋን ስታልፍ አያት። እንደ ልማዷ ትፈጥናለች። አንገቷን ወደ ኋላ አንዴ ዞር አድርጋ ያየች መሰለው፤ ግን ርቀቱ ያታልላል።

ሐሙስ ጠዋት ሐኪም ቤቱ ወረፋ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ እቤቱ ስልክ ጮኸ። እዚያ ምን እንደተባለ በኋላ ከሁለቱም ወገን ተነግሮታል፤ ሁለቱም ወገኖች ቃል በቃል ስለሚስማሙ ማመን ይቻላል።

"ሃሎ፣ እሳቸው አሉ?" አለች አዋላጇ። የስልኩን ቁጥር ሊፍት ጠጋኙ ራሱ ነው የሰጣት፤ ስኳር ብትጠፋ እንድትደውልለት ብሎ።

ሰፈሩ ሁሉ ውሻውን በስሙ እየጠራ ስለሚጠይቅ ምራቱ አልገረማትም። "የሉም፤ ሐኪም ቤት ሄደዋል" አለች።

"ውይ! ምነው?"

"ትንሽ ኦፕራሲዮን አላቸው ዛሬ።"

"ምናቸውን?"

ምራቱ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ያው… ወደ ታች ነው።"

"ገባኝ" አለች አዋላጇ፣ የሞያ ድምፅዋን አውጥታ። "የተለመደ ነው፤ ብዙ ወንድ ላይ ይመጣል። ሽንት ያስቸግራቸው ነበር?"

"ማስቸገር ብቻ! የትም ነው የሚለቁት። የሶፋው እግር ላይ፣ በሩ ጥግ፣ የባሌ ጫማ ላይ።"

"ጫማ ላይ?"

"ያውም ዓይን ዓይኔን እያዩ።"

አዋላጇ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እኔ እኮ ምንም አላወቅኩም፤ መንገድ ላይ ደህና ናቸው።"

"መንገድ ላይማ ሴት ስለሚያዩ ነው! ባለፈው አጥር ሊዘሉ ሲሉ አንገታቸውን ይዤ ነው የመለስኳቸው።"

"ለመሆኑ ማን ነው የሚንከባከባቸው፣ የኔ ልጅ?"

"እኔው ነኛ፤ ማን አለ? ከትናንት ማታ ጀምሮ ምግብ ከልክለናቸው በር እየቧጨሩ ሲያለቃቅሱ ነው ያደሩት። አንጀቴን በሉት።"

"እግዜር ይርዳሽ" አለች አዋላጇ፤ ከልቧ ነበር። ስልኩን ዘጋች።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሊፍት ጠጋኙ እስክሪብቶ ይዞ አንድ ወረቀት ላይ አፍጥጧል። "ታካሚ፦ እሳቸው። ዕድሜ፦ ሰባት ወር። ከታች የፈረምኩት እኔ፣ ስለ ጊዜው ተገቢው ምክር ተሰጥቶኝ…" ይላል። እሳቸው ጫማው ላይ ተቀምጠዋል፤ በረሃባቸው የተነሳ የወረቀቱን ጫፍ በአክብሮት ያሸታሉ።

"አንድ ልጠይቅ" አለ ሐኪሟን። "የእርስዎ ውሻ ቢሆኑ ዛሬ ይፈርሙ ነበር?"

"አልፈርምም ነበር።"

"እሺ።"

"የሚያስቸኩልዎ ነገር ምንድን ነው?" አለች እሷ፤ ክስ አልነበረም፣ ጥያቄ ነው።

"መንገድ ላይ… አንዲት…"

"ሴት ውሻ?"

"አዎ" አለ ሊፍት ጠጋኙ። ከዚያ፣ እውነት ለመናገር ያህል፣ "ሴት ውሻም አለች" አለ።

ሐኪሟ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አለ።

አንድ የሆቴል ባለቤት ትዝ አለው። አዲስ ሊፍት ተክሎለት፣ ገና ሽቦው ክብደት እየለመደ ሳለ፣ "ነገ እንግዶች አሉብኝ፣ ዛሬ አስነሳልኝ" ብሎ የወጠረው ሰውዬ። "ሊፍቱ የሚነሳው ሊፍቱ ሲደርስ ነው፤ እንግዳዎ በደረጃ ይውጣ" ብሎት ነበር፣ ያኔ፣ በጎረምሳነቱ፣ ደረቱን ነፍቶ። ሰውየው በደረጃ የወጣ እንግዳ ምን ያህል እንደሚቆጣ ነግሮታል፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መፍቻውን ሰብስቦ ሄዷል። አሁን እንግዳ ያለበት እሱ ሆነና፣ የሌላውን እግር ያለ ጊዜው ሊያስነሳ ወረቀት ይዞ ተቀምጧል። ያውም ውሻው አፍ የለውም፤ ቢኖረውም ደግሞ በአንቱታ ያሳደጉት ሰዎች ጉድ አይሠሩኝም ብሎ ዝም ይል ነበር።

እስክሪብቶውን መለሰ። "ይቅር" አለ። "ማለቴ… አይቅር። ይቆይ።"

"እስከ መቼ?"

"እስካሁን የኖሩትን ያህል። ያሉትን ሰምቻለሁ፤ ሰኞ የሰማሁ አልመሰለኝም ነበር እንጂ።"

"እንግዲያው አጥርዎን በክንድ ከፍ ያድርጉት። ያለ ገመድ ከደጅ እንዳይወጡ። እዚያ መንገድ ላይ ካለችው ደግሞ…" አለችና ፈገግታዋን ዋጠች፣ "…ከሴቷ ውሻ ማለቴ ነው፣ ይራቁ።"

ወደ ቤት ሲመለስ ሰባት ወር ስንት ጠዋት እንደሆነ ሲያሰላ፣ ሁለት መቶ ላይ ሲደርስ ተወው። ውሻው ግን ዛሬ ምን እንዳመለጠው ስላላወቀ ጭራውን እያወዛወዘ ቁርስ ወዳለበት ይጎትተዋል።

በሩ ጋ ሲደርሱ አዋላጇ፣ ቤቱን ከሰፈር ሰው ጠይቃ አግኝታ፣ ብርቱካን የተሞላ ከረጢት ይዛ ቆማለች። ቀሚሷን አይቶት አያውቅም፤ የጠያቂ ቀሚስ ነው። ስታየው ከረጢቱ ከእጇ ሊያመልጥ ደረሰ።

"እርስዎ! በእግርዎ?" አለች። "ማን ነው ያስነሳዎት? ቀስ ይበሉ፣ ቀስ! ይህን ውሻ ይልቀቁት፣ ስፌቱ ይበጠሳል!"

"የቱ ስፌት?"

"እኔ ላይ አይፈሩ፤ አርባ ዓመት ሠርቻለሁ። ለሽንቱም መድኃኒት አለው። ስለ ጫማውም ማንም ላይ አልናገርም።"

ሊፍት ጠጋኙ የሰው ልጅ ሊመስል የሚችለውን ያህል ደደብ መሰለ። ምራቱ በሩን ከፈተች፤ አዋላጇን አላየቻትም። "መጡ? አደረጉላቸው?"

"አላደረጉላቸውም። ገና ናቸው ተብሏል፤ ሰባት ወር ይቆዩ።"

"ሰባት ወር ሙሉ! ሶፋዬስ?"

"ሶፋ?" አለች አዋላጇ። አንዴ ሊፍት ጠጋኙን፣ አንዴ ምራቱን፣ በመጨረሻ ወደ ታች አየች። "ማን ነው እሳቸው?"

ምራቱ የስልኩን ድምፅ አወቀችው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሊፍት ጠጋኙ ውሻውን በጣቱ አመለከተ፤ ከዚያ ጣቱን አፍሮ ሰበሰበው።

"አንተ ነህ እሳቸው?" አለች አዋላጇ ውሻውን።

ውሻው ብርቱካኑን አሸተተና አልተስማማውም።

"ማለት ጫማው ላይ…"

"እሳቸው ናቸው" አለ ሊፍት ጠጋኙ።

"አጥሩስ? ሴት ስላዩ የተባለው?"

"እሱም እሳቸው ናቸው" አለ፤ ፊቱ ግን ቲማቲም መስሎ ነበር።

አዋላጇ አልሳቀችም። በጣም ለረጅም ጊዜ አልሳቀችም፤ ከንፈሯን ነክሳ፣ አፍንጫዋ እየሰፋ፣ እየሰፋ፣ ምራቱ "ይግቡ እንጂ" እስክትል ድረስ። ከዚያ የአጥሩን እንጨት ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። "ለአንተ ነው እንግዲህ በታክሲ የመጣሁት!" አለች ውሻውን። ምራቱ ነገሩ ገብቷት ይሁን ደንግጣ፣ ብርቱካኑን ተቀብላ ውሻውን ቁርሱን ላበላው ብላ ይዛው ገባች። "ይምጡ፣ ይምጡ፣ ጌታዬ" ስትል ከውስጥ ይሰማል።

ሁለቱ በሩ ላይ ቀሩ።

"እና ሰባት ወር" አለች አዋላጇ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

"አጥንታቸው አላለቀም። መጠበቅ ነው የሚሻለው። መንገዱን እናንተው ሂዱበት፤ እኛ በጋራዦቹ በኩል እንሄዳለን። ስኳርን አንነካም።"

"ልክ ነው ያደረጉት" አለች። "እኔም ተቆጥቼ ነው እንጂ፣ ያለ ጊዜው የወጣ ነገር ምን እንደሚያመጣ ስንቱን አይቻለሁ።" ቦርሳዋን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። ልትሄድ ነው።

ሊፍት ጠጋኙ መሬት መሬቱን አየ። ልቡ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደቆመ ሊፍት አልወርድም፣ አልወጣም አለው። በመጨረሻ፣ ውሻ ለሌለበት መንገድ ምክንያት ማበጀት ሲያቅተው፣ ያለ ምክንያት ተናገረ። "እኔ ግን" አለ፣ "ያለ ውሻም መሄድ እችላለሁ።"

አዋላጇ መንገዱን ላይ ታች አየችው። "ሁለት ሰው ማለዳ ያለ ውሻ ሲሄድ ሰው ምን ይላል?"

"ውሻቸው ጠፍቶባቸው ነው ይላላ።"

"በየቀኑ?"

"በጣም የሚጠፋ ውሻ ነው ይላሉ።"

ከንፈሯን ነከሰች። "ስኳርን ቀድሜ አናፍሳታለሁ" አለች። "አስራ ሁለት ተኩል። ቢዘገዩ አልቆምም።"

በማግስቱ አልዘገየም። አስራ ሁለት ከሩብ ሲል መጋዘኖቹ ጥግ ቆሞ ነበር፤ ቀኝ እጁን መጀመሪያ ኪሱ ውስጥ፣ ቀጥሎ ወገቡ ላይ፣ ከዚያ ከኋላው ሞከረው፤ ገመድ ያልያዘ እጅ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። እሷ መጣች፣ "እንደምን አደሩ" ተባባሉ፣ ተጓዙ።

ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄዱ አንድ ነገር ገባው። አዋላጇ በጣም ትፈጥናለች። ሁልጊዜም ትፈጥን ነበር፤ ግን በየምሰሶው፣ በየግንዱ፣ በየድንጋዩ እግር እያነሳ የሚያስቆማቸው ሲኖር፣ እሱ ትንፋሹን የሚሰበስበው እዚያ ላይ ኖሯል። አሁን ማንም አያቆማቸውም። ወሬውን ጀመረ፣ ግማሹ ላይ ትንፋሹ አለቀ። ሊፍት ተበላሽቶበት ደረጃውን በእግሩ እንደ ወጣ ሰው ልቡ ትር ትር ይላል። "ቀስ እንበል" ማለት ግን በመጀመሪያው ጠዋት አይባልም።

አንድ የመብራት ምሰሶ ጋ ሲደርሱ ቆመ። ዓይኑን አጥብቦ ወደ ምሰሶው ተጠጋ።

አዋላጇ ሁለት እርምጃ አልፋ ዞረች። "ምን ሆኑ?"

"ማስታወቂያ ነው" አለ፣ እየተነፈሰ። "እያነበብኩ ነው።"

ተመልሳ መጣች። ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ባዶ ነው፤ አንዲት ዝገት የበላት ሚስማር እንኳን የለችበትም። ሊፍት ጠጋኙ ዓይኑን ከእንጨቱ ሳይነቅል ጠበቀ።

አዋላጇ ወገቧን በሁለት እጇ ያዘች፤ እሷም ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ጀርባዋን ምሰሶው ላይ አስደገፈች።

"ረጅም ነው?" አለችው።

"ሁለት ገጽ ይሆናል።"

"ቀስ ብለው ያንብቡት" አለች። "እኔ አልቸኩልም።"